ዓይን የበዛባት እስስት

አሜሪካና አውሮፓ ውስጥ እስስት በቤት የሚያሳድግ ሰው ብዙ ጊዜ የሚገዛው የየመኗን ዝርያ ነው። የሽቦ ቤት፣ የማሞቂያ አምፖል፣ ውሃ የሚረጭ መሣሪያና ቅጠላ ቅጠል አብሮ ይገዛል። አፈር የሚገዛ ግን ጥቂት ነው። ዛፍ ላይ ለምትኖር እንስሳ አፈር ምን ያደርግላታል? አንድ ቀን ሴቷ እንቁላሏን የምትጥልበት ጉድጓድ ፈልጋ ከቅርንጫፏ ወርዳ ወለሉን በጥፍሯ መቧጠጥ ስትጀምር መልሱ ይመጣል፤ አርፍዶ።

*

«ወንድ የለ፣ ከየት የመጣ እንቁላል ነው?» የሚል ባለቤት አይጠፋም። አውራ ሳይኖር የምትጥል ዶሮ እያየን አድገን፣ እስስት ስታደርገው እንገረማለን። ወንድ ያላገኘች እስስት የጣለችው እንቁላል አይፈለፈልም። ለመጣል ግን ያው ጉድጓድ፣ ያው ጉልበት ያስፈልጋታል። እንቁላሉ ባዶ ቢሆንም ምጡ ሙሉ ነው።

*

የሚያስፈልገው ነገር ርካሽ ነው፤ ቢያንስ 30 ሴንቲ ሜትር ጥልቀትና ስፋት ያለው ባልዲ ወይም የፕላስቲክ ሳጥን፣ የታጠበ አሸዋ፣ ቢፈለግም ማዳበሪያ ያልገባበት አፈር ተቀላቅሎ። ፈተናው በጣት ነው፤ እርጥቡን አሸዋ ወደ ውስጥ ሰርስሮ ዋሻው ሳይደረመስ ከቆመ በቂ ነው። ደረቅ ከሆነ ይናድባታል፤ ከጨቀየም አይሆናትም። ለአምፖሉ ብዙ ገንዘብ ያወጣ ሰው አሸዋው ላይ ሲደርስ ቁጠባ ትዝ ይለዋል፤ የሳጥኑን ወለል በጥቂት ጣት ውፍረት ብቻ አልብሶ ይተወዋል። እሷ ቆፍራ ቆፍራ ፕላስቲኩ ላይ ስትደርስ ትተወውና ሌላ ጥግ ትጀምራለች።

*

ከአሸዋው ይልቅ የሚከብደው አለማየት ነው። እየቆፈረች ሰው ካየች ዋሻውን ትታ ልትወጣ ትችላለች። ስለዚህ ልምድ ያላቸው አሳዳጊዎች ቤቷን በጨርቅ ይጋርዱና በትንሽ ቀዳዳ ብቻ፣ አልፎ አልፎ ያጮልቃሉ። አዲሱ ግን ስልኩን ደግኖ ፊቷ ይቀመጣል። እንድትታይ የተገዛች ፍጥረት ዛሬ አትታይም ቢባል ገንዘቡ የከሰረ ይመስለዋል። «ልትጥል ደርሳ ተወችው፤ ምን ነካት?» ብሎ የሚጠይቀውም እሱ ራሱ ነው።

*

ፍቅርን በምግብ የሚለካ ሰው እዚህም አለ። ሴቷ ፌንጣ በብዛት ስትበላና ሙቀቱ ሲያይልባት የእንቁላሏ ቁጥር ይጨምራል። ልከኛ አያያዝ ላይ ያለችው 20 ወይም 30 ስትጥል፣ የተቀለበችው ከ60 በላይ ልትጥል ትችላለች። ባለቤቷ ቁጥሩን በኩራት ያወራል። ከሰውነቷ የወጣውን ካልሲየም የሚያወራላት የለም።

*

መጣያ ቦታ ያጣች፣ ውሃ የጠማት ወይም ካልሲየም ያነሳት እስስት እንቁላሉ ሆዷ ውስጥ ሊቀርባት ይችላል፤ ይህ ደግሞ ይገድላል። ቀን ዓይኗን ጨፍና ከተቀመጠች፣ ቅርንጫፍ መጨበጥ ካቃታት፣ ቆፍራ ቆፍራ ሳትጥል ከደከመች ወደ እንስሳት ሐኪም መውሰድ እንጂ ምክር ማሰባሰብ አያዋጣም።

*

እስስት ሁሉ አፈር አይጠይቅም። በኬንያ ተራሮች የምትኖረው ባለሦስት ቀንዱ የጃክሰን እስስት ዝርያ ሴቷ እንቁላሉን ሆዷ ውስጥ አቆይታ ልጆቿን በሕይወት ትወልዳለች። ለእሷ አሸዋ የሚያዘጋጅ፣ ለየመኗ የማያዘጋጅም አለ። ሁለቱም የገዙትን እንስሳ ሳያውቁ ገዝተዋል።

*

የየመኗ ጥላ ስትጨርስ ዋሻውን መልሳ ትደፍናለች፤ ላዩንም ደልድላ ትሄዳለች። ተመልሳ አትጠይቀውም። ወንድ አግኝታ ከነበረ እንቁላሉ እስኪፈለፈል ከስድስት እስከ ዘጠኝ ወር ገደማ ይፈልጋል። ባለቤቱ ስለ ልጆቹ ማሰብ ሲጀምር እናቲቱ ከስታ፣ ውሃ ጠምቷት ከበላዩ ቅርንጫፍ ላይ ናት። ያን ዕለት መጀመሪያ የሚታሰበው ውሃዋ ነው።

*

«ሴት መሆኗን አላወቅሁም ነበር» የሚለው ሰበብ አያስኬድም። የዚህ ዝርያ ወንድ ከእንቁላል ሲወጣ ጀምሮ የኋላ እግሩ ተረከዝ ላይ ትንሽ ጉጥ አለው፤ ሴቷ የላትም። ገና ስትገዛ ተረከዟን ያየ ሰው ሳጥኑንና አሸዋውን ከአምፖሉ ጋር በአንድ ቀን ይገዛል።