ጠያቂ የሌለው ዓሣ

በጅቡቲ ከተማ ዓሣ የሚከበረው ከየመኖች ምግብ ቤት ሲደርስ ነው። ከመካከሉ ተሰንጥቆ፣ በርበሬ ተቀብቶ፣ በሸክላ ምድጃ ተጠብሶ ከሰፊ ቂጣ ጋር ሲቀርብ ማንም አይንቀውም። ባለቤቴ ግን ወደ ካርቲየ 5 ቤታችን የሚያመጣው ፈረንሳይኛ ተናጋሪዎች ሙሌ የሚሉትን፣ ከጭቃ ላይ አረንጓዴ ሽበት ለቅሞ የሚያድረውን ዓሣ ነው። ጎረቤቶቻችን «የወደብ ጠራጊ» ይሉታል።

ባለቤቴ ዛሬ ባቱ በምትባለው በዝዋይ ሐይቅ ዳር ያደገ ጡረተኛ ወታደር ነው። በዚያም የተናቀ ዓሣ አለ፤ ይኸውም ካርፕ ነው። በጣሊያን ወረራ ዘመን ከባሕር ማዶ ወደ አገራችን የገባው ይህ ዓሣ፣ አጥንቱ በሥጋው ውስጥ እንደ መርፌ ስለ ተበተነ ቆሮሶ የለመደ ሰው ፊቱን ያዞርበታል። ይሁንና ቆሮሶ እየተመናመነ ሲሄድ የዝዋይን አጥማጆች ጀልባ የሞላው እርሱ ነው።

በላባ ማጥመድን ባለቤቴ ያየው ባሌ ሲያገለግል ነው። ከኬንያ መጥቶ በዌብ ወንዝ የተለቀቀውን ትራውት የሚሹ እንግዶች፣ ላባ የታሰረበትን ቀላል መንጠቆ በክሩ ክብደት ይወረውሩ ነበር። እርሱም የዶሮ ላባ በዳቦ ፍርፋሪ አምሳል አስሮ ለሙሌ ያቀርባል። ሙሌ አፉ ልል ነው፤ በኃይል የሳበው ሰው ባዶ መንጠቆ ይቀረዋል።

ይህን ሁሉ የማነሣው ስለ በኩር ልጃችን ነው። አሥራ አምስት ዓመቱ ነው። ከአምና ጀምሮ፣ ቀትር ላይ ጫት ከኢትዮጵያ ሲገባ፣ እርሱም ከቤት ይወጣል። ከአባቱ ጋር ከሰላምታ ያለፈ ቃል አልነበራቸውም። አባቱም አልተቆጣውም፤ አንድ ሌሊት «ዓይኔ ደክሟልና ክሩን በመንጠቆው ቀዳዳ አስገባልኝ» ብቻ አለው። ልጁ ለረጅም ጊዜ ዝም አለ። ከዚያም «አምጣው፣ አባዬ» አለ።

እነሆ አሁን ዓርብ ዓርብ ጎሕ ሳይቀድ አብረው ይወርዳሉ። ከውሃው ዳር ምን እንደሚነጋገሩ አላውቅም፤ ምናልባት ምንም። ዓሣ አጥማጅ ዝም ቢል የሚታዘበው የለም።

እናቶች ሆይ፣ ሙሌ ካገኛችሁ ሆዱን ወዲያው አጽዱት፤ በውስጡ ያለውን ጥቁር ስስ ሽፋን በጨው አሽታችሁ ካላነሣችሁት ይመርራል። ካርፕ ከሆነ ደግሞ ሥጋውን በቢላዋ ጠበብ ጠበብ አድርጋችሁ ተልትሉትና በጋለ ዘይት ጥበሱት፤ ጥቃቅኑ አጥንት ይሰባበራል።

ባለፈው ዓርብ ሦስት ይዘው ተመለሱ። ልጄ የአባቱን ድርሻ አጥንት በጣቱ እየለቀመ ሲያቀርብለት አየሁ። ከምሳ በኋላ እንደ ልማዱ ወጣ፤ ወዴት እንደ ሆነ አልጠየቅሁትም። የላባ መንጠቆዎቹ የሚቀመጡባት ትንሽ ቆርቆሮ ግን ከመደርደሪያው ላይ አልነበረችም።