ከስሜን ደጋ እስከ ጎንደር፤ ወደ ውጭ አገር ለሥራ ለሚወጣ ሰው ስለሚሰጥ ፈቃድ

ሰው ከአገሩ ሲወጣ ሁለት ነገር ይዞ ይወጣል፤ አንዱ ስንቅ ነው፥ ሁለተኛው ስም ነው። ስንቁ በመንገድ ያልቃል። ስሙ ግን በአገሩ መዝገብ ላይ ከተጻፈ፥ ሰውየው በሩቅ አገር ቢታመም ወይም ቢበደል፥ «ይህ ሰው የእኛ ነው» ብሎ የሚጠይቅለት ይገኛል። እኛም በፍርድ ቤት የጽሕፈት ሥራ ላይ ብዙ ዘመን ስለ ኖርን፥ ስም በወረቀት ላይ መስፈሩ ምን ያህል እንደሚጠቅም፥ ሳይጻፍ መቅረቱም ምን ያህል እንደሚጐዳ አይተናል። ስለዚህ በሰሜኑ ደጋ ከደባርቅ እስከ ጎንደር ያደረግነውን ጕዞ ስንተርክ፥ በዚያው መንገድ ወደ ባዕድ አገር ለሥራ ስለሚሄዱት ወጣቶችና ስለሚያስፈልጋቸው የመንግሥት ፈቃድ አብረን ለአንባቢዎቻችን ልናስረዳ አሰብን።

ደባርቅ የስሜን ተራሮች ደጃፍ ናት። ከከተማይቱ በስተ ሰሜን ምድሩ በድንገት ይቆረጥና የሊማሊሞ ገደል ይገጥማል። በጥንት ዘመን ከምጽዋ ተነሥቶ ወደ ጎንደር የሚመጣው ነጋዴ በዚህ ገደል ከነአጋሰሱ እየወጣ ደጋውን ይይዝ ነበር። መኪና የሚወጣበት ጠመዝማዛ መንገድ የተቈረጠው በጣሊያን ወረራ ዘመን ነው። ከደባርቅ እስከ ጎንደር ያለው መንገድ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን፥ በዳባትና በአምባ ጊዮርጊስ አድርጎ የወገራን ደጋ ያቋርጣል። አገሩ ገብስና ባቄላ የሚበቅልበት ብርዳም አገር ነው፤ በማለዳ ጉሙ ሳይገለጥ እረኛው ጋቢውን ተከናንቦ ከበጎቹ ኋላ ሲሄድ ይታያል። ሰዉ ጨዋና ታጋሽ ነው፤ ነገር ግን መሬቱ በልጆች ብዛት እየተካፈለ ስላነሰ፥ ወጣቱ ዓይኑን ወደ ሩቅ ማንሣት ከጀመረ ቆይቷል።

በዳባት መኪና ስንጠብቅ ከአንድ ሽማግሌ ገበሬና ከልጃቸው ጋር ተዋወቅን። ልጅቱ በጎንደር የነርስነት ትምህርት ፈጽማለች፤ በዐረብ አገር ያለ አንድ ሆስፒታልም ያለ ደላላና ያለ ኤጀንሲ ራሱ ከእርሷ ጋር ተጻጽፎ ቀጥሯታል። ሽማግሌው የመንግሥት ሰው መሆናችንን በሰሙ ጊዜ፥ «ጌታዬ፥ ልጄን የጠራት አሠሪው ነው፤ ደመወዟንም የሚከፍላት እሱ ነው። ታዲያ ለመውጣት ሌላ ፈቃድ የሚያስፈልገን ስለ ምንድር ነው?» ብለው ጠየቁን። እኛም ወዲያው ሳንመልስላቸው፥ «አባቴ፥ ከዘመድዎ ወይም ከጎረቤትዎ ያለ ፈቃድ የሄደ አለን?» አልናቸው። ሽማግሌው ጥቂት ዝም አሉ። ከዚያም የወንድማቸው ልጅ ከጥቂት ዓመታት በፊት በደላላ እጅ በመተማ በኩል መውጣቷን፥ ለመንገዷም ሁለት በሬ መሸጡን፥ ከዚያ ወዲህ ግን ድምጿ አለመሰማቱን ነገሩን። አባቷ ቢሮ ለቢሮ ዞሮ ቢጠይቅ፥ «በምን ፓስፖርት ወጣች? አሠሪዋ ማን ይባላል? ውሏስ የት ተመዘገበ?» ይሉታል፤ እሱም ከስሟ በቀር የሚመልሰው አጣ። እኛም፥ «እንግዲህ ፈቃድ ማለት ለእነዚህ ለሦስቱ ጥያቄዎች አስቀድሞ መልስ ማስቀመጥ ነው» አልናቸው። ልጅቱ ወረቀቶቿን በነጠላዋ ጠቅልላ ይዛ ነበርና፥ ይህን ስትሰማ ጠበቅ አደረገቻቸው።

ይህ ነገር ለጎንደር አዲስ አይደለም። ዐፄ ፋሲል በ1628 ዓ.ም. ገደማ ከተማቸው ካደረጓት ወዲህ፥ ጎንደር የሚገባም የሚወጣም እንግዳ ፈቃድ የሚለምንባት ከተማ ነበረች። የስኮትላንዱ ተጓዥ ጄምስ ብሩስ በ1762 ዓ.ም. ጎንደር ገብቶ ሁለት ዓመት ያህል ከተቀመጠ በኋላ፥ ወደ አገሩ ለመመለስ የንጉሡን የዐፄ ተክለ ሃይማኖትን ፈቃድ መለመን አስፈልጎታል። ፈቃዱንም አግኝቶ በ1764 ዓ.ም. በታኅሣሥ ወር ከጎንደር ተነሣ፤ በስናርም በኩል አልፎ ከብዙ መከራ ጋር አስዋን የደረሰው በሚመጣው ዓመት በኅዳር ወር ነው። በዚያ ዘመን ፈቃድ ማለት የንጉሥ ቃል ነበር፤ ቃሉም ባልተሰማበት አገር መንገደኛው ብቻውን ይቀር ነበር።

ከዚያ በኋላ ፈቃዱ ከቃል ወደ ጽሕፈት ተመለሰ። ለዚህም መልካም ምሳሌ የሚሆኑን በበጌምድር የተወለዱት አለቃ ታየ ገብረ ማርያም ናቸው። አለቃ ታየ በምንኩሉ በስዊድን ሚሲዮን ትምህርት ቤት የተማሩ፥ የአገራቸውንም ትምህርት ጠንቅቀው የሚያውቁ ሊቅ ነበሩ። በ1905 እ.ኤ.አ. በበርሊን የምሥራቅ ቋንቋዎች ትምህርት ቤት ለማስተማር የሄዱት በዐፄ ምኒልክ ፈቃድ ነው፤ ሦስት ዓመት ያህልም አስተምረው ተመለሱ። ማን እንደ ጠራቸው፥ ምን ሊሠሩ እንደ ሄዱ፥ የት እንደሚገኙም በሁለቱም መንግሥታት ዘንድ የታወቀ ነበር። የዳባቷ ልጅ የምትፈልገውም ወረቀት በመሠረቱ ከዚህ የተለየ አይደለም።

አሁን የሚሠራበት ሕግ የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923/2008 ሲሆን፥ በአዋጅ ቁጥር 1246/2013 ተሻሽሏል። የሕጉ መሠረት እንዲህ ነው፤ የውጭ አገር አሠሪ ኢትዮጵያዊን ሠራተኛ በራሱ እጅ መልምሎ እንዲወስድ አልተፈቀደም፤ በመንግሥት ወይም ፈቃድ ባለው ኤጀንሲ በኩል መቅጠር አለበት። ነገር ግን ሚኒስቴሩ በሦስት ምክንያት ቀጥታ ቅጥርን ሊፈቅድ ይችላል። አንደኛው፥ አሠሪው በኢትዮጵያ ሚሲዮን የሚሠራ ሰው የሆነ እንደ ሆነ ነው። ሁለተኛው፥ አሠሪው ዓለም አቀፍ ድርጅት የሆነ እንደ ሆነ ነው። ሦስተኛው፥ ሠራተኛው ራሱ ጥሮ ሥራውን ያገኘ እንደ ሆነ ነው፤ በዚህ በሦስተኛው ግን የቤት ሠራተኛ አይገባበትም። እንግዲህ የዳባቷ ነርስ በሦስተኛው በር ትገባለች። ለቤት ሥራ የምትሄደው የአጎቷ ልጅ ግን በኤጀንሲ በኩል ካልሆነ በቀር በሕግ የምትወጣበት በር የላትም። ይህ መለየት ለምን ሆነ ቢሉ፥ ነርሷ በብዙ ሰዎች መካከል ትሠራለች፤ የቤት ሠራተኛዋ ግን በሰው ቤት ውስጥ በሩ ተዘግቶባት ስለምትውል፥ በአገሯ ተጠያቂ የሚሆንላት እንዲኖር ነው።

ወጪውንም ሕጉ ለይቶታል። የመግቢያ ቪዛ፥ የደርሶ መልስ መጓጓዣ፥ የሥራና የመኖሪያ ፈቃድ፥ የመድን ዋስትና ክፍያ በአሠሪው ላይ ነው። በሠራተኛው ላይ የሚወድቀው ለፓስፖርት፥ ለሕክምና ምርመራና ለክትባት፥ ለልደት ምስክር ወረቀት፥ ከወንጀል ነጻ ለመሆን ማስረጃና ይህን ለመሰለው የሚከፈለው ነው። ስለዚህ «ለቪዛና ለአውሮፕላን ገንዘብ አምጡ» ብሎ በሬ የሚያሸጥ ሰው ቢመጣ፥ ቤተ ሰቡ ከዚያው ላይ ሊነቃ ይገባዋል።

እንዲህ ያለው ሥርዓት በእኛ አገር ብቻ የተፈጠረ አይደለም። ሕዝቧ በየአህጉሩ ተበትኖ የሚሠራው ፊሊፒን፥ በ1974 እ.ኤ.አ. ባወጣችው የሥራ ሕግ ቀጥታ ቅጥርን ከልክላ፥ ለዲፕሎማቶችና ለዓለም አቀፍ ድርጅቶች፥ የሥራ ሚኒስትሩም ለሚፈቅድላቸው ሌሎች አሠሪዎች ብቻ በሩን ከፈተች። ያለ ኤጀንሲ የተቀጠረው ፊሊፒናዊ ውሉን አስመርምሮ የመውጫ ምስክር ወረቀት ካልያዘ፥ በአውሮፕላን ጣቢያ አያልፍም። ወረቀቱን የያዘው ደግሞ ሌላው መንገደኛ የሚከፍለው የጕዞ ግብር ይቀርለታል። ለዚህ ሥራ ብቻ የተለየ ሚኒስቴር እንዲቋቋም ያዘዘው ሕግም በ2021 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ላይ ወጣ። ከዚህ የምንማረው፥ በር የሚጠብቅ መንግሥት በበሩ ለሚያልፈው ሰው ጥቅም ሲያስቀምጥለት፥ ሰዉ በፈቃዱ ወደ በሩ እንደሚመጣ ነው።

በሩ ጨርሶ ሲዘጋ የሚሆነውን ደግሞ እኛው አይተናል። በ2006 ዓ.ም. በጥቅምት ወር መንግሥታችን በሠራተኞች ላይ ስለሚደርሰው በደል ወደ ውጭ አገር የሚደረገውን የሥራ ጕዞ አገደ። ወዲያውም ከኅዳር ጀምሮ ሳዑዲ ዐረቢያ ወረቀት የሌላቸውን ስታስወጣ፥ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160,000 የሚበልጡ ኢትዮጵያውያን ተመለሱ። እገዳው እስከ 2010 ዓ.ም. ጥር ድረስ ቆየ። የሆነ ሆኖ በዚያ ዘመን ሰው መሄዱን አልተወም፤ የለወጠው መንገዱን ብቻ ነው። ከጎንደር በስተ ምዕራብ ደጋው ወደ ቆላ ይወርድና፥ ዐፄ ዮሐንስ በ1881 ዓ.ም. በመጋቢት ወር የወደቁባት መተማ ትገኛለች፤ ከእርሷም ማዶ የሱዳን ገላባት ናት። ብዙ የደጋ ልጆች በሌሊት በዚያ እየተሻገሩ ስማቸው በየትም ሳይጻፍ ሄደዋል። በ2015 ዓ.ም. በሚያዝያ በሱዳን ጦርነት ሲነሣም፥ ብዙ ሺህ ሰው በዚያው በመተማ በኩል ሸሽቶ ገባ። በዚያን ጊዜ ልጁን የሚፈልግ አባት የሚመለከተው መዝገብ ያስፈልገው ነበር፤ ሳይመዘገብ ለወጣ ሰው ግን መዝገብ ከየት ይመጣል?

አሁን ለቤተ ሰብ የሚጠቅመውን በጽሕፈት ሥራችን ካየነው ጥቂት እንናገር። ወረቀትን ከሚያዘገዩት ነገሮች ብዙውን ጊዜ የሚገኙት ሁለት ናቸው፤ ስምና ዘመን። በደጋው አገር ልጅ የክርስትና ስምና የዓለም ስም አለው፤ በትምህርት ቤት በአንዱ፥ በቀበሌ በሌላው የተጻፈ እንደ ሆነ፥ በፓስፖርት ቢሮ ሁለት ሰው ይሆናል። ስለዚህ ልጁ ትምህርት ቤት ሲገባ ጀምሮ በሁሉም ስፍራ አንድ ስም፥ በአንድ ዓይነት ፊደል ይጻፍ። የዘመኑም ስሕተት እንዲሁ ነው። የእኛን ዓመት ወደ ፈረንጅ ለመመለስ ሁሉም «ሰባት ጨምር» ይላል፤ ይህ ግን ለሁሉም ወር አይሆንም። በኅዳር 1990 ዓ.ም. የተወለደች ልጅ የፈረንጅ ዓመቷ 1997 ነው፤ በታኅሣሥ 25 ቀን 1990 ዓ.ም. የተወለደችው ግን በጥር 3 ቀን 1998 እ.ኤ.አ. የተወለደች ናት። በዚህች በአንዲት ዓመት ልዩነት የልደት ወረቀትና ዲፕሎማ ሳይስማሙ ቀርተው፥ የአሠሪው ቀጠሮ ያለፈበት ሰው እናውቃለን። የልደት ምዝገባ በአገሩ ሁሉ በአንድ ሥርዓት የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ስለ ሆነ፥ ከዚያ በፊት የተወለዱት ልጆች ይህን አስቀድመው ሊያስተካክሉ ይገባቸዋል። ደላላ «ዕድሜዋን እንጨምርላት» ቢል ግን እሺ ማለት ልጅን ያለ ስም መሸኘት ነው፤ ሕጉ ከ18 ዓመት በታች ያለን ልጅ የሚከለክለው ልጁን ለመጠበቅ ነውና። ከመሄዷም በፊት የፓስፖርቷ፥ የውሏና የፈቃዷ ግልባጭ በቤት ይቀመጥ። ሳጥን የሌለው ቤት ዳዊት በሚቀመጥበት ማኅደር ያስቀምጠው።

የቀረው ነገር እናንተን የተከበራችሁ ሹማምንትና የጽሕፈት ቤት ኃላፊዎችን የሚመለከት ነው። ውሉን የሚመረምረውና የሚያጸድቀው የሥራና ክህሎት ሚኒስቴር ነው፤ ነገር ግን ወረቀቱ እዚያ እስኪደርስ ድረስ ከቀበሌ ጀምሮ በብዙ እጅ ያልፋል። ከደባርቅ ወይም ከጃናሞራ የሚመጣ ሰው አንድ ፊርማ ለማግኘት የመኪና ዋጋ ይከፍላል፤ በከተማም ያድራል። እኛ «ነገ ተመለስ» ስንለው ለእኛ አንድ ቃል ነው፤ ለእርሱ ግን የአንድ በግ ዋጋ ነው። ሦስት ጊዜ «ነገ» የተባለ ሰው በአራተኛው ቀን በአራዳ ቡና ቤት ከደላላ ጋር ተቀምጦ ይገኛል፤ ደላላው «ነገ» አይልምና። ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሠራው አዋጅ ቁጥር 1178 በሰው የሚነግደውን ይቀጣል፤ ነገር ግን የደላላውን ገበያ የሚያሞቅለት የእኛ መዘግየት እንደ ሆነ፥ ቅጣቱ ብቻውን አይበቃም።

በቀድሞ ዘመን የኬላ ጠባቂ የነጋዴውን ጭነት ቆጥሮ፥ ቀረጡን ተቀብሎ ያሳልፈው ነበር፤ ያለዚያ ነጋዴው ሌላ ዱካ ይፈልጋልና። እኛም በየጠረጴዛችን የተቀመጥን የዛሬ ኬላ ጠባቂዎች፥ የሚጐድለውን ወረቀት ሁሉ በመጀመሪያው ቀን በአንድ ጊዜ ጽፈን እንስጥ፤ የተሟላለትንም በዚያው ቀን እናሳልፍ። ይህን ለማድረግ አዲስ አዋጅም አዲስ በጀትም አያስፈልግም፤ ብዕሩ በእጃችን ነው።