አየሩን ቀንሱልኝ

አዘዞ የመንገድ መገናኛ ናት። ከጎንደር አሥራ ሁለት ኪሎ ሜትር ያህል ራቅ ብላ አንዱን መንገደኛ ወደ ባሕር ዳር፣ ሌላውን በአይከል በኩል ወደ መተማ ትሸኛለች። መኪና የሚበዛበት ስፍራ ደግሞ ጎሚስታ አያጣም። ጎሚስታ፣ ቸርኬ፣ ከመነዳሪ፣ ባሌስትራ... ቃላቱ ሁሉ ከጣሊያንኛ የመጡ ናቸው። በ1928 ዓ.ም. ጎንደር የገባው ጣሊያን በ1934 ዓ.ም. ድል ሆኖ ሲለቅ፣ የጋራዡ ቋንቋ ግን እኛው ዘንድ ቀረ።

በ2010 ዓ.ም. ሚያዝያ ወር ወደ ገንዳ ውኃ ስንጓዝ፣ እስከ አፍ ገደፉ የሞላው ሚኒባሳችን ከአንድ ጎሚስታ ደጅ ቆመ። ሾፌሩ በመስኮት ብቅ ብሎ፣ «ጋሼ፣ ቆላ ልወርድ ነውና የጎማውን አየር ቀንሱልኝ» አለ። ተሳፋሪውም ደገፈው። ሙቀት አየርን ያሳብጣል፤ ያበጠ ነገር ይፈነዳል፤ ምን ያከራክራል?

ሸምገል ያሉት ጎሚስታ ግን፣ «የኔ ልጅ፣ ጎማን የሚገድለው ረሀብ ነው እንጂ ጥጋብ አይደለም» አሉት።

እውነታቸውን ነበር። አየር ያነሰው ጎማ በተሽከረከረ ቁጥር ጎኑ ይተጣጠፋል። ሽቦ ለመበጠስ ወዲያና ወዲህ ስናጣጥፈው እጃችንን እንደሚፈጀን ሁሉ፣ ጎማውም ከመተጣጠፉ የተነሣ ከውስጥ ይግላል። ጭነትና ፍጥነት ሲታከልበት ድርብርቡ ይላቀቅና ይተረተራል። የቆላው ፀሐይ የሚጨምረው ግፊት ከዚህ ጋር አይወዳደርም። እንዲያውም አዘዞ ከባሕር ወለል በላይ 2,000 ሜትር ገደማ፣ መተማ ደግሞ 700 ሜትር ገደማ ላይ ናቸው። ቁልቁል ሲወረድ የውጭው አየር ስለሚከብድ፣ የጎማው ግፊት በመለኪያው ላይ 2 ፒ.ኤስ.አይ. ያህል ዝቅ ይላል። ሙቀቱ በ10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ቢጨምር በሚኒባስ ጎማ ላይ የሚያክለውም ከዚሁ እምብዛም አይርቅም። ሁለቱ ተቻችለው ያድራሉ።

ሽማግሌው በዚህ አላበቁም። መለኪያቸውን አራቱም ጎማዎች ላይ ሰኩ፤ የኋላው ግራ ጎማ ከሌሎቹ በጣም አንሶ ተገኘ። ቫልቩ ላይ የሳሙና አረፋ ቀቡ፤ ዝም አለ። ጎማውን አውልቀው የተቆረጠው የውኃ በርሜል ውስጥ ሲያሽከረክሩት ግን፣ ከጥርሱ መካከል ቀጭን የአረፋ ክር ተንዠቀዠቀ። ትንሽ ምስማር ናት። ማንም ሳያዛቸው አየሩ ሲቀነስ ከርሟል! ሳይደርቅ በእርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ ይሉ የለ?

እ.ኤ.አ. በ1888 ጆን ቦይድ ደንሎፕ የተባለ የእንስሳት ሐኪም ቤልፋስት ከተማ ውስጥ አየር የተሞላ ጎማ የሠራው፣ ትንሹ ልጁ ባለ ሦስት እግር ብስክሌቱ ላይ እንዳይንገጫገጭ ብሎ ነበር። ዛሬም መንገዱ ሲመታን ከባሌስትራው በፊት ምቱን የሚቀበልልን ያው አየር ነው። ልኩም የተሰወረ ምስጢር አይደለም፤ በአብዛኛው መኪና በሾፌሩ በር ዳር በተለጠፈ ወረቀት ላይ ተጽፏል። የሚለካውም ጎማው ሳይግል፣ ጠዋት ከመነሣት በፊት ነው። መንገድ ላይ የጋለውን ጎማ ማስተንፈስ ሲበርድ አስርቦት ማደር ነው።

እኛ ተሳፋሪዎች «መስኮት ክፈቱ»፣ «የለም ዝጉ» እየተባባልን ስለ አየር አገር ለአገር ስንጨቃጨቅ እንውላለን። ሕይወታችንን ተሸክሞ ስለሚሄደው አየር ግን ሾፌሩን የምንጠይቀው ስንቶቻችን ነን?