ጓደኛችን ለምን ዝም አለ?

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ከአራት ኪሎ ተነሥተን፣ በራስ መኰንን ድልድይ አድርገን ወደ ፒያሳ መሄድ የቆየ ልማዳችን ነው። አራት ነን፤ ሁለታችን ኦርቶዶክስ፣ አንዳችን ሙስሊም፣ አንዳችን ካቶሊክ። አንድ ቀን ቡና ቤት ተቀምጠን ስንጫወት ከመካከላችን አንዱ ካቶሊኩን ጓደኛችንን «ያንተ ሃይማኖት እኮ የጣልያን ነው» አለው። ሳቅን። እሱ ግን የጠጣበትን ሒሳብ ከፍሎ ወጣ፤ ለሦስት ሳምንትም አብሮን አልሄደም።

ቀልዱን የተናገረው አንዱ ቢሆንም የሳቅነው ሁላችን ነን። በጣልያንኛ ስም በሚጠራ ሰፈር፣ በጣልያንኛ ስም የሚጠራ ማኪያቶ እየጠጣን፣ የወንድማችንን እምነት ብቻ ለይተን ባዕድ ማለታችን በጣም አሳፈረን።

ጥርጣሬው ያለ ምክንያት የመጣ ነው ለማለት አንችልም። በአራዳ ጊዮርጊስ ፊት የቆመው የምኒልክ ሐውልት ዐድዋን ያስታውሰናል። ከዚያም አስቀድሞ ዐፄ ሱስንዮስ በ1622 (ዘመኖቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) የካቶሊክን እምነት በይፋ ተቀብለው በዐዋጅ ሊያጸኑት ቢነሡ፣ ብዙ ደም ከፈሰሰ በኋላ በ1632 የቀድሞውን ሃይማኖት መልሰው ዙፋኑን ለልጃቸው ለፋሲለደስ ለቀቁ።

ይቅርታ ልንጠይቀው ወደ ክፍሉ በሄድን ጊዜ ግን ጓደኛችን ሌላ ታሪክ ነገረን። አባ ገብረ ሚካኤል የጎጃም ሰው፣ የተማሩ መነኵሴ ነበሩ። ደጃዝማች ውቤ በ1841 ጳጳስ ለማስመጣት ወደ ግብፅ ከላኳቸው መልእክተኞች ጋር ሲጓዙ ከዩስጢኖስ ደ ያቆቢስ ጋር ተዋወቁ። እኚህ ሰው የሀገራችንን መነኰሳት ልብስ የሚለብሱ፣ «አቡነ ያዕቆብ» የሚባሉ ነበሩ። አባ ገብረ ሚካኤል ወዳጃቸው ስላደረጓቸው ብቻ እምነታቸውን አልተቀበሉም፤ ሲመረምሩና ሲጠይቁ ቆይተው በ1844 ካቶሊክ ሆኑ፤ በ1851 ቅስናን ተቀበሉ። ኋላም ስለዚሁ እምነታቸው ታስረው በ1855 በሰንሰለት እንዳሉ ዐረፉ። አቡነ ያዕቆብም በ1860 ዐረፉ። የኢጣልያ መንግሥት የታወጀው ግን በ1861 ነው! «የጣልያን» ያልነውን ሃይማኖት ያስተማሩት ሰው የሞቱት ኢጣልያ የምትባል መንግሥት ሳትመሠረት ነው።

እንግዲህ አንዱ ትምህርት ሁለት ጊዜ ወደ ሀገራችን መጣ፤ አንድ ጊዜ በዐዋጅ፣ አንድ ጊዜ በወዳጅነት። በዐዋጅ የመጣው በዐሥር ዓመት ውስጥ ፈረሰ፤ በወዳጅነት የመጣው ግን እስከ ጓደኛችን ክፍል ደረሰ። የካቶሊኩ ሊቅ ቶማስ አኲናስ በ13ኛው መቶ ዓመት መለኮታዊውን ፍቅር በሰውና በእግዚአብሔር መካከል ያለ ወዳጅነት አድርጎ አስተምሯል። ወዳጅነት ደግሞ በግድ አይሆንም። ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤም በ1965 በእምነት ነገር ማንም ሰው ሊገደድ አይገባም ብሏል።

በግእዙም ብናየው «አምነ» ከሚለው ግስ እምነት ይወጣል፤ እውነት ማለት የሆነው «አማን» ይወጣል፤ ታማኝ የምንለው ጓደኛም ከዚያው ነው። እኛ ግን ለሁለት ዓመት «ለጓደኝነታችን ሲባል ሃይማኖት አይነሣ» ብለን ተስማምተን ነበር። ይህን ፍቅር መስሎን ነበር፤ ለካ ፍርሃት ኖሯል። ያልጠየቅነውን ነገር አናውቀውም፤ በማናውቀውም ነገር ሳቅን። እውነት የሌለበት ፍቅር ሽንገላ ይሆናል፤ ፍቅር የሌለበትም እውነት ሰው ያቆስላል።

ውድ አንባብያን ሆይ፣ ማናችንም ሃይማኖታችንን አልለወጥንም። ጓደኛችንም እንድንለውጥ አልጠየቀንም። የጠየቀን አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ከመሳቃችሁ በፊት ጠይቁኝ» አለን። ባለፈው ቅዳሜ አራታችንም አብረን ፒያሳ ሄድን። እስኪመሽ ድረስ ተከራከርን፤ በብዙው ነገር አልተስማማንም፤ ነገር ግን ተቈጥቶ የወጣ የለም። የማኪያቶውንም ሒሳብ የከፈለው ያ ቀልደኛው ነው።