ከኳስና ከሲሊንደር የተሠራች ጀበና

ዘንድሮ በኮምፒውተር ክፍለ ጊዜ ኦፕንስካድ በሚባል ነጻ ሶፍትዌር መሥራት ተምረናል። ፕሮግራሙ በማውዝ የሚስሉበት አይደለም፤ የሚፈልጉትን ቅርጽ በጽሑፍ ያዙታል፣ እሱ ይሠራዋል። መነሻዎቹ ጥቂት ናቸው፤ ሳጥን፣ ኳስ፣ ሲሊንደርና የመሳሰሉት። እነዚህን መደመር፣ አንዱን ከሌላው መቀነስ ወይም የሚጋሩትን ክፍል ብቻ ማስቀረት ይቻላል።

መምህራችን የፈለጋችሁትን ሥሩ ሲሉን አብዛኞቻችን ያሰብነው መኪና ነበር። አንዲት የክፍላችን ልጅ ግን የአያቷን ጀበና መረጠች። አያቷ ከአገር ሲወጡ በነጠላ ጠቅልለው ያመጧት ናት። አሁን አንገቷ ላይ ስንጥቅ ስላለባት፣ ሳትሰበር ልኳ ተይዞ እንዲቀመጥ ፈለገች። መኪናው ቀረ።

የሆዷን ዙሪያ በክር ለካን፤ 44 ሴንቲሜትር ሆነ። ለ3.14 ስናካፍለው ስፋቷ 14 ሴንቲሜትር ያህል መጣ። አንገቷን በሁለት መጻሕፍት መካከል አድርገን በማስመሪያ ስንለካ 3 ሴንቲሜትር ሆነ፤ ቁመቱ 9። የሸክላው ውፍረት አፏ ላይ 5 ሚሊሜትር ነው። እማማ አጠገባችን ቆመው «ቀስ በሉ ልጆቼ» ማለታቸውን አላቆሙም።

ሆዷ ኳስ፣ አንገቷ ሲሊንደር፣ መያዣዋ ቀለበት ነው። ከባዱ ውስጧን ባዶ ማድረግ ነው፤ እዚህ ላይ ቅደም ተከተል ወሳኝ ነው። ሆዷን አስቀድሞ ፈልፍሎ አንገቱን በኋላ የሚጨምር ሰው፣ የአንገቱ ጫፍ ሆዷ ውስጥ እንደ ቱቦ ተንጠልጥሎ ይቀርበታል። ስለዚህ የውጪውን ሁሉ መጀመሪያ ደመርን፤ ከዚያ 5 ሚሊሜትር የሚያንስ ኳስና ቀጭን ሲሊንደር ከመሐል ቀነስን። የሚቀነሰው ሲሊንደር ከአፏ በላይ 1 ሚሊሜትር ወጣ ማለት አለበት፤ እኩል ካደረጉት አፏ ላይ ስስ ልባስ ሊታይ ይችላል። ታቿን በሳጥን ቆርጦ ጠፍጣፋ ማድረግ ቀላል ነበር፤ የእማማ ጀበና ግን የምትቀመጠው ማቶት ላይ ስለሆነ እንደ ክብነቷ ተውናት።

እማማ ስክሪኑን አይተው «የእኔዋ ኳስ አይደለችም፣ ቁጭ ያለች ናት» አሉ። ከፍታዋን በ0.9 አባዝተን ዝቅ አደረግናት። ክርክሩ የመጣው በአንገቷ ነው። የእውነተኛዋ አንገት ወደ አንድ ጎን ትንሽ ያዘነብላል። ገሚሶቻችን ቀጥ ብትል ታምራለች አልን፤ ገሚሶቻችን ደግሞ ቀጥ ካለች የገበያ ጀበና እንጂ የእማማ አትሆንም አልን። አንድ ሙሉ ክፍለ ጊዜ ከተከራከርን በኋላ 3 ዲግሪ አዘነበልናት። ያቺን ጀበና የሠሩት እጆች የማን እንደሆኑ እማማም አያውቁም፤ የእጃቸው ምልክት ግን ያ ማዘንበል ነው።

ፋይሉ ኮምፒውተር ክፍል ውስጥ «የእማማ ጀበና» በሚል ስም ተቀምጧል። ወላጆችም ገብታችሁ ማየት ትችላላችሁ። አንገቷን ማስረዘም የሚፈልግ 90 የሚለውን ቁጥር ይቀይር፤ 3 የሚለውን ግን እንዳይነካብን።