ከመቀነት የወጣ ብር

ቡናው እስኪፈላ ቁጭ በሉ። ዛሬ የማጫውታችሁ ከአያቴ ሳጥን ስለወጣ ነገር ነው።

አያቴ ዕድሜዋን ሁሉ የኖረችው ከመካነ ሰላም ወጣ ባለች የገጠር ቀበሌ ነው። ተዝካሯ በወጣ ማግሥት ሳጥኗን ስንከፍት ከልብሷ ሥር አንድ ያረጀ መቀነት አገኘን፤ ጫፉ ተቋጥሯል። ፈታነው። የጃንሆይ ምስል ያለባቸው አምስት የአንድ ብር ኖቶች ጣት እስኪያህሉ ተጣጥፈው ተቀምጠዋል። ከዳዊቷ ቅጠሎች መካከል ደግሞ አንድ አሥር ብር ወጣ፤ ትናንት ከባንክ የተቀበለችው ይመስል እጥፋት የለበትም።

የአጎቴ ልጅ ስልኩን አወጣና "ይሄ ዛሬ ስንት ያወጣል?" አለ። ጥያቄው ነውር የለበትም፣ እመለስበታለሁ። እኔን ግን ሌላ ነገር ነው የያዘኝ፦ እነዚህ ብሮች ለምን እዚህ ቀሩ?

እስቲ አስቡት። ገንዘብ ሳጥን ውስጥ አርጅቶ ለልጅ ልጅ የሚተርፈው ባለቤቱ የመቀየሪያው ቀን ሲያመልጠው ነው። ጥቅምት 4 ቀን 1969 ዓ.ም. ደርግ አዲስ ብር አወጣ፤ ጊዜ ተቆርጦ አሮጌው ተለወጠ፣ የንጉሡን ምስል የያዘው ሁሉ ከገበያ ወጣ። መቶ መቶ ብር የነበረው ነጋዴ ወሬውን እንደሰማ በቅሎውን ጭኖ ባንክ ፍለጋ ወጥቷል። አምስት ብር በመቀነቷ ጫፍ የቋጠረች፣ እንደ አያቴ ያለች የገጠር ሴትስ? በለጋምቦ ብርድ አቋርጣ ደሴ ብትደርስ የመንገዱ ስንቅ ራሱ ከአምስቱ ብር ይበልጥባታል። ዛሬ ትልልቆቹ ኖቶች ብርቅ፣ አንድ ብሩ ግን በየቤቱ የሚገኝ የሆነበት አንዱ ምክንያት ይኸው ይመስለኛል። ብዙ ያለው ቀየረ፤ ትንሽ ያላት ቀረባት።

ያገራችን ሰው ወረቀትን ቶሎ ያላመነውም በከንቱ አልነበረም። በ1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር በጄኔራል ናፒየር እየተመራ ወደ መቅደላ ሲወጣ እህሉንና አጋሰሱን የሚገዛው በማርትሬዛ፣ ማለትም በጠገራ ብር ነበር። ጠገራ ብር 28 ግራም ያህል ይመዝናል፤ መቼም ይመታ፣ የተጻፈበት ዓመት ያው በፈረንጅ 1780 ነው። ሻጩ ግን ብር ስለሆነ ብቻ አይቀበልም፤ በላዩ በተቀረጸችው ንግሥት ራስና ትከሻ ጌጥ ላይ ያሉትን ዕንቁዎች ይቆጥራል፣ የጎደለ ወይም የተፋቀ ከሆነ ይመልሰዋል። ስለዚህ ገንዘብን ገልብጦ፣ መርምሮ፣ ደረጃ መስጠት ከውጭ የመጣ ጥበብ እንዳይመስላችሁ፤ ቴዎድሮስ ሚያዝያ 6 ቀን በወደቁበት አምባ ሥር የሚገበያይ ገበሬ አሳምሮ ያውቀው ነበር። ደግሞ ብሩ መንግሥት ቢለወጥ ቀልጦ አምባር ይሆናል። ወረቀቱ ግን በአንድ አዋጅ ይሞታል።

አሁን የናንተም ቤት ሳጥን እንዳለ እርግጠኛ ነኝና እንዴት እንደሚለይ ልንገራችሁ። መጀመሪያ ከላይ የተጻፈውን የባንክ ስም አንብቡ። "የኢትዮጵያ መንግሥት ባንክ" ከሆነ ከ1956 ዓ.ም. በፊት የታተመ ነው፤ "ብሔራዊ ባንክ" ከሆነ ከዚያ ወዲህ። ከነጻነት በኋላ የመጀመሪያው የራሳችን ወረቀት ሐምሌ 16 ቀን 1937 ዓ.ም.፣ በጃንሆይ ልደት ቀን፣ ከአንድ እስከ አምስት መቶ ብር ወጣ። የዚያን ጊዜው አንድ ብር በሬ ጠምዶ የሚያርስ ገበሬ አለበት። ከመቀነቱ ከወጡት አንዱ ይኸው ሆኖ ሳገኘው፣ አያቴ የመረጠችው ለበሬዎቹ ይሆን እንዴ ብዬ ብዙ አሰብኩ።

ቀጥሎ ፊርማው ነው። የ1937ቱ አንድ ብር መልኩ ሳይለወጥ በተለያዩ ገዢዎች ፊርማ ታትሟል፤ ብላወርስ የመጀመሪያው ነው፣ ቤኔትና ሮዜል ኋላ መጡ። እነዚህ ባንኩን ያስተዳደሩ የውጭ ሰዎች ናቸው። ከነሱ በኋላ የምናሴ ለማን ፊርማ ታገኛላችሁ። ሰብሳቢ ለአንዱ ፊርማ ከሌላው እጥፍ ሊከፍል ይችላል፤ ስለዚህ ማጉያ መነጽር አይለያችሁ።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው በደርግ ብር ነው። "1969" የሚለውን ያይና የመጀመሪያው እትም ነው ብሎ ይደሰታል። ዓመቱ የአዋጁ ነው እንጂ የታተመበት አይደለም፤ ያው ቁጥር ከደርግ መውደቅ በኋላ በታተሙትም ላይ አለ። የሚለየው ፊርማው ነው፦ ታደሰ ገብረ ኪዳን፣ በቀለ ታምራት፣ ከለውጡ በኋላ ሌይኩን ብርሃኑ። በመስከረም 2013 ዓ.ም. የተቀየረውን መቶ ብር ይዛችሁ ከሆነ ግን ለልጆቻችሁ አስቀምጡት፤ ገና ብዙ ነው።

ወደ እጥፋቱ ልመለስ፣ ዋጋውን የሚቆርጠው እሱ ነውና። የወረቀት ገንዘብ ሰብሳቢዎች ዓለም አቀፍ ማኅበር መመዘኛ አለው፤ ጨርሶ ያልታጠፈው ከላይ ይቀመጣል። መሐሉ ላይ አንዲት ቀላል እጥፋት ካለችው አንድ ደረጃ ይወርዳል፤ እስከ ሦስት ቀላል እጥፋት ወይም አንድ የጠነከረ ካለው ሌላ ደረጃ፤ እጥፋቱ ወዲያና ወዲህ በዝቶ ወረቀቱ ሲልም ከዚያም ይወርዳል። ፒኤምጂ የሚባለው የአሜሪካ ድርጅት ደግሞ እስከ 70 ነጥብ ይሰጣል። እንግዲህ አስሉት። መቀነት ገንዘብን ከሌባ ያድናል፣ ወረቀቱን ግን ይሰባብራል። ዳዊትም ሆነ ቁርአን በቅጠሎቹ መካከል የያዘውን ጠፍጣፋ አድርጎ ያቆያል። የአንዲት ሴት ብር፣ ከፊሉ ወገብ ላይ ከፊሉ መጽሐፍ ውስጥ ስለኖረ ብቻ፣ ዋጋው ሰማይና ምድር ሆነ።

እባካችሁ አትጠቡት። በካውያም አትተኩሱት። የተቀደደውን በፕላስተር አታጣብቁ፤ ሙጫው ወረቀቱን ያጠቁረዋል። የጢስና የቅቤ ሽታ ቢኖረው ይኑረው፤ ባለሙያ የታጠበን ወረቀት በልስላሴው ያውቀዋል፣ ዋጋውንም ይጥላል። ዳር ዳሩን ይዛችሁ ንጹሕ ወረቀት ውስጥ አስተኙት፣ ይበቃል።

የአጎቴ ልጅ ጥያቄ እነሆ መጣ። ስልኩ ላይ ያየው ትልቅ ቁጥር ሻጭ የጠየቀው ነው። መጠየቅ ማንም ይችላል። መታየት ያለበት በጨረታ የተሸጠበት ነው፣ ያውም ፊርማውም ደረጃውም ካላችሁ ጋር ሲገጥም። የመጀመሪያውን ዋጋ ለነገራችሁ ሰው በዚያው ቀን አትሽጡ። ከአገር ለማስወጣት ለሚጠይቃችሁም ቅርስ ያለ ፈቃድ እንደማይወጣ ንገሩት።

ያላየነው ዋጋ ደግሞ አለ። ፎቶ አንስታችሁ፣ ማን እንዳስቀመጠው፣ ከየት እንደወጣ በእርሳስ በሌላ ወረቀት ጻፉበት፤ በኖቱ ላይ ግን ምንም አትጻፉ። እኛ አሥር ብሩን ወደ ዳዊቱ መለስነው፣ ያው የነበረበት ገጽ። አምስቱን ዘርግተን በፖስታ ውስጥ አስቀመጥናቸው። በፖስታው ላይ እናቴ እንድጽፍ ያዘዘችኝ ይህን ነው፦ "ከእማማ መቀነት የወጣ፤ በ1969 ሳይቀየር የቀረባት።"

ቶናው ደረሰ፣ ስኒ አቀብሉኝ።