ከጎተራ እስከ ሳሪስ

ኅዳር ላይ፣ አንድ ቅዳሜ ጠዋት፣ ከጎተራ ማሳለጫ ተነስቼ በደብረ ዘይት መንገድ ወደ ሳሪስ በእግሬ ወረድኩ። የፈለግሁት የድሮዎቹን ሱቆች፣ መጋዘኖችና ፋብሪካዎች፣ የቀሩትንም የፈረሱትንም፣ በየቦታቸው ማየት ነው። በ2016 ፒያሳ ዶሮ ማነቂያ የሚባለው ሰፈር ሲፈርስ የከተማው ሰው ፎቶ አነሳ፣ ጻፈ፣ አዘነ። ተገቢ ነበር። መጋዘን ሲፈርስ ግን የሚያዝን አላየሁም።

ሰፈሩ የንግድ ሰፈር የሆነው በአጋጣሚ አይደለም። ባቡሩ ከጅቡቲ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ነው። ሐዲዱም የመኪናው መንገድም በዚህ አቅጣጫ ወደ አቃቂ ስለሚወርዱ ዕቃ አስመጪውም እህልና ቡና ነጋዴውም መጋዘኑን ወደዚህ አመጣ፤ ፋብሪካም ተከተለ። ጎተራ ስሙን ያገኘው ከእህል ማከማቻዎቹ ነው፤ አጠገቡ ያለው ላንቻ ሰፈርም የተጠራው በጣሊያን መኪና ስም ነው። ማሳለጫው በ2001 ከመከፈቱ በፊት እዚያ የነበረውን «ኮንፊውዥን» የሚባል አደባባይ የሚያስታውሱ ብዙ ናቸው።

ጥር 1967 ደርግ ትልልቅ የግል ፋብሪካዎችንና የንግድ ድርጅቶችን ወረሰ። በዚያው ዓመት ሐምሌ አዋጅ ቁጥር 47 ትርፍ ቤቶችን ወሰደ። ከዚያ ወዲህ ብዙው ሱቅ የቀበሌ ወይም የመንግሥት ኪራይ ቤቶች ንብረት ሆነ። ተከራዩ በአነስተኛ ኪራይ ዕድሜውን ሙሉ ነገደበት፤ ቆርቆሮውን የሚለውጥ ባለቤት ግን አልነበረም። ዛሬ «አርጅቷል» ተብሎ የሚፈርሰው ቤት ያረጀው በዕድሜ ብቻ አይደለም፣ ጠያቂ በማጣትም ነው።

በመስከረም 2008 ሥራ የጀመረው ቀላል ባቡር መንገዱን መሀል ለመሀል ይዞታል። አደይ አበባ ጣቢያ አካባቢ ወደ ውስጥ ገባ ብዬ አንዲት ሻይ ቤት ደጃፍ ላይ ፎቶ ሳነሳ ባለቤቷ ደንገጥ ብለው ወጡ።

«ልጄ፣ ልትለኩ ነው?»

«አይደለም እማማ፣ የድሮውን ሰፈር እየጻፍኩ ነው።»

ድንጋጤያቸው ገባኝ። እዚህ ከተማ ቤት የሚለካ ሰው ሲመጣ አፍራሽ ይከተላል። ሻይ ቀድተውልኝ አጠገቤ ተቀመጡ። ድሮ ሱቃቸው መንገድ ዳር ነበር፤ ቦታውን «አሁን አስፋልቱ ላይ በለው» አሉ። የሰፈሩ ፋብሪካ ፈረቃ ሲለወጥ የሚወጣው ሠራተኛ ዳቦና ሻይ፣ ስኳርና ሳሙና በዱቤ ይወስድ፣ ደመወዝ ሲደርስ ይከፍል ነበር። ዋስ የለም፣ ፊርማ የለም። ባለሱቋ የሠራተኛውን ፊት ታውቃለች፣ ሠራተኛውም ሱቁን። ሱቁ ሲፈርስ ገዢዎቹም ተበተኑ።

«አንዱ ከጀሞ ድረስ መጥቶ ከፍሎኛል። ሌላውም አጥቶኝ ነው እንጂ አይከዳኝም ነበር» አሉ።

ለፈረሰ ግንብ ግምት ይወጣለታል። ዓመታት የፈጀው የዱቤ መተማመን ግን በየትኛው ሰነድ ይገመታል? እኔን የሚያስቆጨኝ ከግድግዳው ይልቅ ይሄ ነው።

ሳሪስ ስደርስ አንድ መጋዘን ቆሞ አገኘሁ። ዛሬ ፈርኒቸር ቤት ነው። ለጭነት መኪና ቁመት ተብሎ ከፍ ብሎ የተሠራው የመጫኛ መድረክ ላይ ሶፋ ተደርድሮበታል። ደስ አለኝ። የድሮ ሕንፃ እንዲህ በአዲስ ሥራ ቢኖር እመርጣለሁ። የቅርስ አዋጁ፣ ቁጥር 209/1992፣ ሕንፃንም ከማይንቀሳቀስ ቅርስ ይቆጥራል፤ እኛ ግን ቅርስ ሲባል የምናስበው ቤተ መንግሥትና ቤተ ክርስቲያን ነው። መፍረሱ ካልቀረ እንኳ ወረዳው አስቀድሞ ፎቶውንና ፕላኑን፣ ማን ምን እንደነገደበት ጭምር፣ መዝግቦ ቢያስቀምጥ ብዙ አያስወጣም።

በሩ ላይ ያሉትን ሽማግሌ ጥበቃ ጠየቅኳቸው። «አባባ፣ ይሄ ድሮ ምን ነበር?»

«ቡና። እኔ አውርጄበታለሁ። ግን እኔን ብቻ አትስማ፤ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ና፣ አብረውኝ የነበሩ ጫኝና አውራጆች አሉ፣ አገናኝሃለሁ።»

እሁድ እመለሳለሁ ብያቸው ስልካቸውን ተቀበልኩ።